የተመታው ሰው ቃል

በቀለም ጥይት የሚተኳኮሱት የመጀመሪያዎቹ የፔይንትቦል ተጫዋቾች ልብሳቸውን የሚያጸዱት በአኳራጅ ነበር። ሳሙናና ውሃ ያንን ቀለም አያስለቅቁትም፤ የተሠራው ለዛፍ ነዋ። ሚሺጋን ውስጥ አይረን ማውንቴን በምትባል ከተማ የነበረው ኔልሰን የቀለም ኩባንያ፣ ዝናብና በረዶ የሚችል የዘይት ቀለም በጄላቲን ልባስ ውስጥ አድርጎ ለደን ሠራተኞች ያቀርብ ነበር። ሠራተኛው የሚቆረጠውን ዛፍ ለመለየት እሾህና ረግረግ እየጣሰ ግንዱ ሥር መድረስ አያስፈልገውም፤ ከሩቅ ተኩሶ ምልክት ያደርግበታል። ከብት አርቢዎችም ከመንጋው መሀል የሚፈልጉትን በዚሁ ይለያሉ። ሽጉጡን የሚሠራው ዴዚ የተባለው የአየር ጠመንጃ ፋብሪካ ሲሆን፣ ስሙ ኔልስፖት 007 ነበር።

ስለ ፔይንትቦል ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ጠመንጃውን፣ ሩጫውንና ጩኸቱን ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ በሜዳ ዳኝነት የምሠራ ሰው ነኝ፤ የጨዋታውን ታሪክ የማየው ከቀለሙና ቀለሙ ካረፈበት ሰው በኩል ነው። ሕጉ ሁሉ ተገላብጦ ሲታይ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ የተመታ ሰው እጁን አንስቶ "ተመትቻለሁ" ይላል፣ ከሜዳ ይወጣል። ይህ ልማድ እንዴት እንደተተከለ፣ ማን እንደሸረሸረው፣ ዛሬስ የት እንደደረሰ መጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተወለደው ከክርክር ነው። ቻርልስ ጌይንስ ኒው ሃምፕሻየር የሚኖር ደራሲና አዳኝ ነበር፤ ስለ ሰውነት ግንባታ በጻፈው "ፓምፒንግ አይረን" በተሰኘ መጽሐፉ ይታወቃል። ሄይስ ኖኤል ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ የሚውል ሰው ነው። ሁለቱ ወዳጆች በ1970ዎቹ አንድ ጥያቄ ላይ ተጣበቁ፤ ጫካ ውስጥ እርስ በርስ ቢታደኑ ማን ያሸንፋል? ኖኤል በገበያው ግፊያ የተሳለ ንቃት የትም ይሠራል ባይ ነው። ጌይንስ በበኩሉ ጫካን የማያውቅ ሰው ጫካ ውስጥ ምንም አይፈይድም ይላል። ክርክሩ ዓመታት ተጎተተ፤ ያለ ደም የሚፈታበት መንገድ አልነበረምና። በኋላ ጓደኛቸው ጆርጅ በትለር የኔልስፖትን ሽጉጥ በእርሻ ዕቃዎች ካታሎግ ላይ አይቶ አሳያቸው። መፍቻው ተገኘ። ከሁለቱ ተከራካሪዎች ጋር የተጣመረው የስፖርት ዕቃ ነጋዴ፣ ቦብ ገርንሲ፣ ሕጉን አረቀቀ።

ጁን 27 ቀን 1981፣ በእኛ ሰኔ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ሄኒከር በተባለች ከተማ አጠገብ ባለ ጫካ 12 ሰዎች ተሰበሰቡ። ሐኪም፣ የግንባታ ተቋራጭ፣ የፊልም አዘጋጅ፣ አዳኝ፣ ጋዜጠኛ ነበሩበት። ቡድን የለም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ነው። በጫካው ውስጥ በአራት ቦታ ባንዲራዎች ተሰቅለዋል፤ ሳይመታ ከአራቱም ቦታ አንድ አንድ ሰብስቦ ቀድሞ የወጣ ያሸንፋል። ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የተባለ የደን ባለሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድም ጥይት አልተኮሰም፤ ማንም ሳያየው በዛፎቹ መሀል እየሾለከ ባንዲራዎቹን ለቅሞ ወጣ።

ይህን ታሪክ የሚናገሩ ሁሉ የሚደነቁት ዋይት ሳይተኩስ በማሸነፉ ነው። እኔ የምደነቀው በቀሩት ነው። አስቡት፦ ሰፊ ጫካ ነው፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሏል፣ የጁን ወር ነው፣ ከአንዱም ተጫዋች ጀርባ ዳኛ ተከትሎት አይሄድም። የተመታው ሰው ከመቺው በቀር የሚያውቅበት የለም። መቺውም ቢሆን በቅጠሉ መሀል ይሳት ይምታ እርግጠኛ አይሆንም። ጨዋታው ደግሞ የተፈለገው ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነበር። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ደረቱ ላይ ያረፈውን ቀለም በጃኬቱ ሸፍኖ ቢቀጥል ኖሮ፣ የጌይንስና የኖኤል ክርክር መልስ ባላገኘ፣ የዋይትም ድል ድል መሆኑ ባልታወቀ ነበር። ጨዋታው ሊሆን የቻለው ሁሉም ሽንፈቱን በገዛ አፉ ለመናገር ተስማምቶ ስለገባ ነው። ያ ስምምነት ከሽጉጡ የሚበልጥ ፈጠራ ነው እላለሁ።

ጉለሌ ባደግንበት ሰፈር ፖሊስና ሌባ ስንጫወት ጠመንጃችን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር። "ገድዬሃለሁ!" ይላል አንዱ ከአጥሩ ሥር። "ስተኸኛል፣ አልሞትኩም!" ይላል ሌላው። ጨዋታው እዚያ ላይ ይቆምና ጭቅጭቅ ይሆናል፤ የሚዳኘውም ጉልበት ያለው ወይም ታላቅ ወንድም ያለው ነው። በየአገሩ ያለ ልጅ ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። የኔልሰን ቀለም ያደረገው ለዚህ ጭቅጭቅ ምስክር ማምጣት ነው። ምስክሩም ቶሎ የሚጠፋ አልነበረም፤ አኳራጅ ካላመጣህ በቀር ሸሚዝህ ላይ ተቀምጦ ይመሰክርብሃል። መጀመሪያ ላይ ታማኝነትና ቀለም አብረው ሠሩ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይደግፈው ነበር።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ቦብ ጆንስ የስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት ጸሐፊ ነበር። ጽሑፉ በዚያው ዓመት ሲወጣ ከየግዛቱ "እኛም መጫወት እንፈልጋለን" የሚል ደብዳቤ ጎረፈ። ጌይንስ፣ ኖኤልና ገርንሲ ናሽናል ሰርቫይቫል ጌም የተባለ ድርጅት አቋቁመው ሽጉጡን፣ ቀለሙን፣ መነጽሩንና የሕጉን ጽሑፍ አንድ ላይ መሸጥ ጀመሩ። በ1982 ገርንሲ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ የመጀመሪያውን ለንግድ የሚሠራ ሜዳ ከፈተ። በዚያው ሰሞን ጨዋታው መልኩን ለወጠ፤ እያንዳንዱ ለራሱ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ቡድኖች አንዱ የሌላውን ባንዲራ ማርከው ወደ ሰፈራቸው የሚያመጡበት ሆነ።

ይህን ለውጥ የጨዋታው ታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ብቻውን የሚጫወት ሰው ቢዋሽ የሚዋሸው ለራሱ ነው፤ እፍረቱም የራሱ ነው። በቡድን ሲሆን ግን ውሸት ሌላ ልብስ ይለብሳል። ጓደኞቼን ላለመጉዳት፣ ቡድኔን ላለማሳፈር፣ አሠልጣኙ የለፋበትን ላለማፍረስ እየተባለ ይዋሻል። ከይሉኝታ ጋር ያደግን ሰዎች ይህን ፈተና በደንብ እናውቀዋለን። ለራሱ ሳንቲም የማይሰርቅ ሰው ለወዳጁ ሲል የሐሰት ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ እንዲያውም ደግ የሠራ ይመስለዋል። በሜዳ ላይ ያየኋቸው ቀለም የሚያብሱ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ክፉ ልጆች አይደሉም። ለቡድናቸው ታማኝ የሆኑ ይመስላቸዋል።

ቀጥሎ ገንዘብ መጣ። በ1983 ናሽናል ሰርቫይቫል ጌም የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ሲያዘጋጅ የሽልማቱ ገንዘብ 14 ሺህ ዶላር ነበር። ለዚያ ጊዜ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ያሸነፉትም ከካናዳ የመጡ ተጫዋቾች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ውድድር በየግዛቱ ተስፋፋ፣ በ1990ዎቹ የባለሙያ ሊግ ተቋቋመ፣ የጠመንጃና የቀለም ፋብሪካዎች ቡድኖችን በስፖንሰርነት መያዝ ጀመሩ።

ገንዘቡ ሲመጣ ቀለሙም ተለወጠ። የዘይቱ ቀለም ለንግድ አላመቸም፤ ደንበኛ ሁሉ በየጨዋታው ልብሱን በአኳራጅ ሊያሽ አይፈልግም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቀለሙ በውሃ የሚለቀቅ ሆነ። ዛሬ የምንተኩሰው ጥይት ልባሱ ጄላቲን ነው፣ ውስጡም ፖሊኢትሊን ግላይኮልና የምግብ ማቅለሚያ፣ ለመድኃኒት እንክብል ከሚያገለግለው እምብዛም የማይለይ ነገር ነው። እናቶች ተደሰቱ፣ ጫካውም ከዘይት ዳነ። ለውጡ ጥሩ ነበር፤ መመለስ አለበት አልልም። ሆኖም ምስክሩ ደከመ። በጓንት አንድ ጊዜ ጠረግ ሲደረግ ክርን ላይ ያረፈ ቀለም ወደ ጥላሸት ይለወጣል፤ መሬት ላይ ሁለቴ መንከባለልም ጭቃ ያለብሰዋል። እስከዚያ ድረስ ታማኝነትን ይደግፍ የነበረው ቀለም ከዚህ በኋላ በታማኝነት የሚደገፍ ሆነ።

ይህ በፔይንትቦል የተጀመረ ጣጣ አይደለም። ፌንሲንግ በተባለው የሻሞላ ግጥሚያ ውስጥ ኤፔ የሚባል ዘርፍ አለ። ከኤሌክትሪክ በፊት በኤፔ የሻሞላው ጫፍ በቀይ ቀለም ይነከር ነበር፤ ልብሱ ነጭ ስለሆነ ጫፉ ያረፈበት ቦታ ይታያል። ዳኞቹ ግጥሚያውን አቁመው ቀዩን ነጥብ ይፈልጋሉ፣ ሲያገኙትም ድጋሚ እንዳይቆጠር በእርሳስ ይከቡታል። ቀለሙ በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም፤ የሚያስለቅቀው እንደ ኮምጣጤ ያለ አሲድ ነው። በዚያ ዘመን የኤፔ ተጋጣሚዎች በኮምጣጤ ሽታቸው ይታወቁ ነበር ይባላል። ሰው ቀለምን ምስክር ሲያደርግ ሌላው ሰው ማስለቀቂያውን እንደሚፈልግ ከፔይንትቦል በፊት እዚያ ታይቷል።

ፌንሲንግ ችግሩን በማሽን ሊፈታ ሞከረ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በኤፔ፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ፎይል በተባለው ሌላ ዘርፍ ጫፉ ሲነካ መብራት የሚያበራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ገባ። ከዚያ ወዲህ መንካትና አለመንካት የሰው ቃል ጉዳይ መሆኑ ያበቃ መስሎ ነበር። በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ፣ ፌንሲንግም ባለበት በዘመናዊ ፔንታትሎን፣ የሶቪየት ኅብረቱ ቦሪስ ኦኒሼንኮ ከእንግሊዙ ጂም ፎክስ ጋር ሲገጥም ግን ጫፉ ሳይነካ መብራቱ በራ። ፎክስ አቤት አለ። መሣሪያው ተወስዶ ሲፈታ በእጀታው ውስጥ የተደበቀ ማብሪያ ተገኘ። ኦኒሼንኮ ከአራት ዓመት በፊት በሙኒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘ፣ ያለ ማጭበርበርም ጎበዝ የነበረ ሰው ነው። ከውድድሩ ተባረረ። ማሽኑ የተመታውን ሰው ቃል ተካው፤ ውሸቱም ተከትሎት ወደ ማሽኑ ውስጥ ገባ።

በፔይንትቦልም ያው ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኔልስፖት የያዘ ሰው ለእያንዳንዱ ተኩስ መቀርቀሪያውን በእጁ ስቦ ማቀባበል ነበረበት። እንዲህ ሲሆን አንድ ጥይት አንድ ነገር ናት፤ ማን እንደተኮሰ፣ ማን እንደተመታ ሁለቱም ያውቃሉ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ኤሌክትሮኒክ ጠመንጃዎች ሲመጡ ቀለሙ እንደ በረዶ መዝነብ ጀመረ። ጠመንጃዎቹ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ጣት አንድ ጊዜ ሲጫን ጠመንጃው ከሕጉ በላይ እንዲተኩስ የሚያደርግ ድብቅ ፕሮግራም የሚጭኑ ተጫዋቾች ተነሱ። ዳኞቹ በውድድር መሀል ይህን ለይተው ማግኘት አልቻሉም። ሊጎቹ በ2000ዎቹ ያገኙት መላ ነገሩን መፍቀድ ሆነ፤ ሁሉም ጠመንጃ በዚያ መንገድ ይተኩስ፣ ግን በሴኮንድ ከ15 ጥይት አይለፍ ተባለ። በኋላ ጣሪያው ወደ 10 ገደማ ወርዷል። ሊደርሱበት ያልቻሉትን ጥፋት ሕግ አደረጉትና ሁሉንም እኩል አደረጉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ሕግ ግን ማየት የማይችለውን ሁሉ ወደ መፍቀድ ከሄደ ተጫዋቹ የሚማረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ካልታየ አልተደረገም ማለት ነው።

ሜዳውም ተለወጠ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓ በአየር የሚነፉ ምሽጎች ተሠሩ። ጨዋታው ከጫካ ወጥቶ ወደ ጠፍጣፋ ሣር መጣ። ተመልካች በዙሪያው ቆሞ ያያል፣ ዳኞችም በየምሽጉ አቅራቢያ ይቆማሉ። ቅጣቱም ከበደ። አንድ ተጫዋች በግልጽ ተመትቶ ከቀጠለ ዳኛው እሱንና አንድ ጓደኛውን አብሮ ያስወጣል። ቀለም ሲያብስ ከተያዘ ከሱ ጋር ሦስት ሰው ይወጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመጣው ኤክስቦል በተባለው አጨዋወት ደግሞ፣ በበረዶ ሆኪ እንዳለው፣ ጥፋተኛው የቅጣት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና ቡድኑ በጎደለ ሰው ይጫወታል።

የቡድን ቅጣቱን አስተዋይነት አደንቃለሁ። ለጓደኞቹ ሲል የሚዋሸው ልጅ ውሸቱ ጓደኞቹን እንደሚጎዳ እንዲያይ ያደርገዋልና። ነገር ግን ዳኛው ሲበዛና ቅጣቱ ሲከብድ አንድ ሌላ ነገር አብሮ ሾልኮ ገባ። በትልልቅ ውድድሮች ላይ ተጫዋቾች ያለ ኀፍረት የሚናገሩት ነገር አለ፦ "ማየት የዳኛው ሥራ ነው፤ እኔ እጫወታለሁ፣ እሱ ይፈልገኝ።" በሄኒከር ጫካ የመናገሩ ግዴታ የተመታው ሰው ነበር። አሁን የማግኘቱ ግዴታ የዳኛው ሆነ። ዳኛው መጀመሪያ ለታማኙ ሰው ረዳት ሆኖ መጣ፤ ቀስ በቀስ ተተኪው ሆነ። በዚህ ጨዋታ ታሪክ ከሁሉ የሚከፋው ለውጥ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከጠመንጃው ፍጥነትም ከገንዘቡም ይበልጥ።

የምናገረው ከዳኛው ቦታ ቆሜ ነው። ጥይቱ ከጠመንጃው ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ እስከ 90 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ 17 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 3 ግራም ገደማ ነው። አሥር ሰው ሲተኩስ አየሩ ላይ ያለውን ማየት የሚችል ዓይን የለም። ከጭምብሌ ውስጥ ሆኜ የማየው የሚንቀሳቀሱ ትከሻዎችንና የሚረጭ ቀለምን ነው። ከፍንጣሪ የመጣ ቀለም አይቆጠርም፤ ሳይፈነዳ ነጥሮ የወደቀ ጥይትም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ቀለም ያለበት ሁሉ ተመቷል፣ የሌለበትም አልተመታም ማለት አልችልም። ተጫዋቹ ግን ያውቃል። ያማል። አንገትና ጣት ላይ ሲያርፍ ደግሞ በደንብ ያማል።

ሁሉም ምት ግን አይሰማም። ተጫዋቹ ወገቡ ላይ የጥይት መያዣ ቀፎዎች ያሉበት ቀበቶ ታጥቋል፣ ጠመንጃው አናት ላይም የጥይት ቋት አለ። በእጁ የያዘውና የታጠቀው ሁሉ እንደ ሰውነቱ ስለሚቆጠር፣ ከኋላ ቀፎው ላይ ያረፈች ጥይት ምንም ሳይሰማው ልታስወጣው ትችላለች። ሕጉም ይህን ይለያል፤ ሊያውቀው በማይችለው ምት የቀጠለ ተጫዋች የተመታ ሆኖ ይወጣል እንጂ እንደ አታላይ አይቀጣም። እዚህ ላይ ነው ታማኝነት የሚረቀው። ቀለም የሚያብስ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ብዙ የሆነው ሌላው ነው፦ የሆነች ነገር ቀፎውን ኳ ያደረገች መስሎት ዞር ብሎ ማየት የማይፈልገው። ካየ ማወቅ አለ፣ ካወቀ መውጣት አለ። ስለዚህ አያይም። በዚህ ሰው ላይ ምንም ዓይነት ቅጣት አይደርስም፤ ዋሸ ማለትም አይቻልም። ጨዋታውን ግን ከአባሹ ይልቅ የሚበላው እሱ ነው።

ባለፈው መኸር በአንድ የወጣቶች ውድድር ላይ የዚህን ተቃራኒ አየሁ። ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለደ ልጅ በመጨረሻው ምሽግ ጀርባ ተንበርክኮ ነበር። ቡድኑ ሊያሸንፍ የቀረው ጥቂት ነው። በድንገት ጠመንጃውን ዝቅ አደረገና "ፔይንት ቼክ!" ብሎ ጮኸ። ስጠጋ ወገኑ መሆኔን ስለሚያውቅ ድምፁን ቀንሶ "ጋሼ፣ ጀርባዬን ይዩልኝ፣ የሆነ ነገር ነክቶኛል" አለኝ። ቀፎው ላይ የአንድ ሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ቢጫ ቀለም አገኘሁ። አስወጣሁት። ያንን ነጥብ ቡድኑ ተሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ አባቱ፣ ተቆጥቶ ሳይሆን ግራ ገብቶት፣ "ዳኛው ሳያይህ አንተ ለምን ጠራኸው?" ሲለው ሰማሁ። ልጁ የውሃ ጠርሙሱን ከአፉ አንስቶ "አባዬ፣ ባልጠራው ስለ ጀርባዬ ሳስብ ነበር የምጫወተው" አለ። ከዚያ ምሳ ጠየቀ።

ተጫዋችን በራሱ ላይ ዳኛ ማድረግ ለትልቅ ውድድር አይሆንም የሚሉ አሉ። ታሪክ እንደዚያ አይልም። በ1925 የአሜሪካ ኦፕን የጎልፍ ውድድር ዉስተር፣ ማሳቹሴትስ ሲካሄድ ጎልፈኛው ቦቢ ጆንስ ሊመታት ሲል ኳሷ እንደተንቀሳቀሰች፣ ሌላ ማንም ሳያይ፣ ተናግሮ በራሱ ላይ አንድ ምት አስቆጠረ። ውድድሩ በእኩል ውጤት አለቀ፤ በተጨማሪው ጨዋታ በዊሊ ማክፋርሌን ተሸነፈ። ያቺ አንድ ምት ባትኖር ዋንጫው የሱ ነበር። በ1968 ኒው ጀርሲ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጀመሩት አልቲሜት በተባለው የፍሪስቢ ጨዋታ እስከ ዓለም ሻምፒዮና ድረስ ጥፋትን የሚጠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በጃፓን የተወለደው ኤርሶፍትም አለ፤ ጥይቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነች የፕላስቲክ ፍሬ ናት፣ በልብስ ላይ ምንም ምልክት አትተውም። እዚያ ቀለም የሚባል ምስክር ከመጀመሪያውም የለም። የተመታው ሰው "ሂት" ብሎ ካልጮኸ ጨዋታው የለም፤ ሆኖም ጨዋታው ዓለምን አዳርሷል።

ፔይንትቦል ከእነዚህ የሚለየው ሁለቱንም መንገድ ስለሞከረ ነው። በዛሬው ዕለትም ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በትልቁ ውድድር ዳኛው ያሳድዳል፣ ተጫዋቹ ይሸሻል። በሰፈር ሜዳ፣ በልደት ቀንና በቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሽርሽር ላይ ግን የሄኒከር ሕግ እንዳለ ይሠራል። ዳኛው ሁለት ወይም ሦስት ነው፣ ልጆቹ ሠላሳ ናቸው፣ ዛፍና በርሜል በመሀል አለ። ሌላም ጥሩ ልማድ እዚያ ተጠብቋል፤ ተቀናቃኝህን በጣም ቀርበህ ከኋላው ካገኘኸው አትተኩስበትም፤ "እጅ ስጥ" ትለዋለህ፣ እሱም እጁን አንስቶ ይወጣል። ቅርብ ተኩስ ስለሚያቆስል የተበጀ ደግነት ነው። የሚሠራውም ያኛው ዞሮ እንደማይተኩስብህ ስታምን ብቻ ነው።

በዚህ አካባቢ ልጆቻቸውን ወደ ሜዳ የሚያመጡ ብዙ ያገራችን ወላጆች አያለሁ። ለእነሱ የምለው አለኝ። መነጽርና ጭምብል ስታጠልቁላቸው ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ንገሯቸው፦ ሜዳ ውስጥ ጭምብላቸውን በምንም ምክንያት እንዳያወልቁ፣ ሲመቱ ደግሞ ማንም ባያያቸው እጃቸውን አንስተው እንዲወጡ፤ ከተጠራጠሩም ዳኛ ጠርተው እንዲያስመረምሩ። ሲመለሱም "ስንት ሰው መታህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ከምሽጋቸው በራሳቸው ቃል የወጡበትን አንድ ጊዜ ጠይቋቸው፣ ሲነግሯችሁም በጥሞና ስሟቸው። እኛ ዳኞች የቀረውን እንሠራለን።